የግራው የኋላ በር

አባዬ ሥራ ካጣ ሰባት ወሩ ነው። አሁን አንድ ሆቴል እንግዶቹን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ባለመኪና ሹፌር ፈልጎ፣ መኪናውን የሚያይ ተቆጣጣሪ ስምንት ሰዓት ላይ ቤታችን ድረስ እልካለሁ ብሎታል። መኪናው ካላማረ ሥራው የለም። አባዬ የጤና ምርመራ ወረቀቱን ሊያመጣ ሲወጣ ሰም መቀባቱን ለእኔ ተወው።

«ጥላ ስር» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ። «በስሱ። አንዱን ሳትጨርሺ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ። ገባሽ፣ ፕሮፌሰር?»

«ገብቶኛል። ይልቅ እንዳይረፍድብህ።»

ፕሮፌሰር የሚለኝ ከተመረቅሁ ወዲህ ነው፤ ለምስጋና አይደለም።

መኪናውን በሻምፑ አጠብኩት። ከመንገድ የተረጨበትን የሬንጅ ነጠብጣብ በነጭ ጋዝ አስለቀቅኩ፤ እንደገና አጥቤ በለስላሳ ጨርቅ አደረቅሁት። ከመደርደሪያው ላይ «የመኪና ሰም» የሚል ጣሳ አወረድኩ። በስፖንጅ ነካ እያደረግሁ መጀመሪያ ኮፈኑን፣ ከዚያ የቀኙን በሮች አንድ በአንድ ቀባሁ። ሰሙ ደርቆ ጭጋግ ሲመስል በጣቴ ሞከርኩት፤ ጣቴ ያለፈበት ጥርት አለ። ደርሷል ማለት ነው። ወለወልኩት። ፊቴን አየሁበት።

ቀኙን ስጨርስ ጣሳው አለቀ። መደርደሪያው ላይ ሌላ ነበር፤ ያው ጽሑፍ፣ ያው ሰማያዊ ክዳን። ሽታው ለየት አለብኝ፤ እጄ ነጭ ጋዝ ስለነካ ነው ብዬ አለፍኩት። በእሱ ግራውን ቀባሁ።

ግራው አልደርቅ አለ። መጠበቅ አይሆንልኝም፣ ግን ጠበቅሁ። ጣቴን ሳሳልፍበት ተጣበቀ። ስወለውለው ጨርቁ ተጎተተ፣ ቀለሙም እንደታመመ ዓይን ፈዘዘ። አበዛሁት ይሆን? በእርጥብ ጨርቅ አሳሳሁት፤ ባሰበት። ፀሐይ አግኝቶት ይሆን? ጥላው ከቦታው አልተነቃነቀም። ጨርቅ ቀየርኩ፣ ስፖንጁን አጠብኩ። ወደ ቀኙ ዞሬ አየሁ፤ ያበራል። ተመልሼ ግራውን አየሁ። ያው እጅ፣ ያው አቀባብ፣ ያው ሰም። በኬሚስትሪ የተመረቅሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ነገር አልገባኝም።

ሰባት ተኩል ላይ አባዬ ገባ። መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው።

«ምን አደረግሽው?»

«ያልከኝን።»

«ግማሹን ነው ቀቢ ያልኩሽ?»

እማዬ ከቤት ወጣች። «የሳሎኑን የወለል ሰም ያነሳብኝ ማነው?» ዓይኗ እጄ ላይ ያለው ጣሳ ላይ አረፈ። «ይኸው አይደል እንዴ።»

«የመኪና ሰም ነው የሚለው፣ እማዬ።»

«የራሱ ጣሳ ዝጎብኝ እዚህ ውስጥ ገለበጥኩት። የዚህን ቤት ጣሳ ማንበብ የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

እውነቷን ነው። በእኛ ቤት ጨው የሚለው ውስጥ ስኳር አለ፤ ብስኩት የሚለው ውስጥ መርፌና ክር። ልጆች ሳለን ሁሉንም በቃላችን እናውቀው ነበር። አራት ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ማመን ለምጄ ተመለስኩ።

«በይ እንግዲህ» አለኝ አባዬ፣ «ሶፋውንም አምጪና ደርድሪበት።»

ነጭ ጋዙን አንስቼ ከግራው የኋላ በር ጀመርኩ። እሱን አስለቅቄ በሳሙና እንዳጠብኩት የግቢው በር ተንኳኳ።

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ የያዘ ቀጭን ሰው ነው። የቀኙን ጎን ሳይቆም አለፈው። ግራው ጋ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ነው» አለ አባዬ።

«የወለል ሰም ነው» አልኩ እኔ። «በስህተት ቀብቼው ነው።»

አባዬ እንደ ባላጋራ አየኝ።

ሰውየው ያስለቀቅኩት በር ፊት ቁጢጥ አለ። በሩ ራቁቱን ነው፤ ልጅ ሆኜ በብስክሌት የጫርኩት ሳይቀር ይታያል። ጭረቱን በጣቱ ተከተለው፤ በሩን አንኳኳው።

«ከጠዋት ጀምሮ አምስት መኪና አየሁ» አለ። «ሁሉም መስታወት ነው። ከሥሩ ቆርቆሮ ይኑር ስቱኮ ይለጠፍበት በምን አውቃለሁ? አየሁ የምለው ይሄን በር ብቻ ነው።» ወረቀቱ ላይ ጻፈ። «ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ለሥራ ይምጡ። ይሄን ሰም ግን ያስለቅቁት፤ የእንግዳ ልብስ ይጣበቅበታል።»

እሱ ሲወጣ አባዬ የግቢውን በር ዘግቶ ተመለሰ።

«ታዲያ ሰሙ ለምን አስፈለገ?» አለ አባዬ።

«እኔ እንጃ።»

«ሠላሳ ዓመት እኮ ነው የወለወልኩት።» መኪናውን ከወዲህም ከወዲያም አየው። «አሁን ግራውን እንደ ቀኙ ልታደርጊው ነው ወይስ ቀኙን እንደ ግራው?»

ቢያንስ የወለሉ ሰም መልቀቅ አለበትና ወደ ፊተኛው በር ሄድኩ። እማዬ ያለቀውን ጣሳ አንስታ ውስጡን በጣቷ ትጠርጋለች።

«ይሄን እንዳትጥሉት» አለች። «የልብስ ሳሙና አደርግበታለሁ።»

ጨርቁን አስቀምጬ ጣሳው ላይ የምጽፍበት ማርከር ፍለጋ ወደ ቤት ገባሁ። እርሳስ የሚለውን ሳጥን ስከፍተው ሻማ ነው ያለው።