ላዩ የቀረ ጉርድ

ታንጉት ጅጅጋ መጥታ በሱዕዲ ግቢ ተከራይታ መኖር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እንደ ግቢው ልጆች ሱዕዲን «ኤዶ» ትላቸዋለች፤ አክስቴ እንደ ማለት ነው። ድግስ በመጣ ቁጥር ግን ሱዕዲ «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ አረፍ በይ» ብለው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ያስቀምጧታል፤ ለስላሳ ይከፍቱላታል። የቤቱ ሴቶች ወደሚሰበሰቡበት ውስጠኛ ክፍል አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። ሳቁ ሁሉ የሚሰማው ደግሞ ከዚያ ነው።

የሱዕዲ ልጅ የዒፍራህ ሰርግ ሲቃረብ ታንጉት ቆረጠች፤ እንደነሱ ለብሳ እንደ ቤተኛ ትገባለች።

ሥራዋ የአፈር ናሙና መመርመር ስለሆነ ሳታይ አትደመድምም። በሌሎች ሰርጎች ላይ የሴቶቹን አለባበስ አጠናች። ሁሉም ጠርዙ በዳንቴል የተጌጠ ለስላሳ ጉርድ ለብሰዋል። ከላይ ዲራዕ የሚሉትን ስስና ሰፊ ቀሚስ ያጠልቃሉ፤ ሲራመዱ ጫፉን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ይሸጉጡታል። ታንጉት ደመደመች፤ ዋናው ልብስ ጉርዱ ነው። ያን ያህል የተለፋበት ዳንቴል ሊደበቅ አይችልም። ላዩ እሷ ባደገችበት በደብረ ማርቆስ እንደሚደረበው ነጠላ መሆን አለበት፤ ሲሞቅ ይቀራል። ወቅቱ ደግሞ በጋ ነው።

የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ ሳሳ ያለ ጨርቅ ገዛች። በኋላ እንዳይሰበሰብ አስቀድማ አጠበችው። እየተንሸራተተ መቀስ አላስይዝ ሲላት ርጥብ አንሶላ ላይ ዘርግታ ቆረጠችው። ወገቡን ሸብሽባ ላስቲክ አስገባችበት። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሲሰቀል ስለሚለጠጥ ሰቅላ አሳደረችውና የወረደውን አስተካክላ ቀመቀመችው። ዳንቴሉን የሰፋችበት ክር በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አይታይም።

በሰርጉ ቀን ከነጭ ሸሚዝ ጋር ለብሳው ወደ ሴቶቹ ድንኳን ገባች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው ጉርዷን አዩ።

የሙሽራዋ ታላቅ እህት ላዳን ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ቤትሽ እሳት ተነሳ?»

«የምን እሳት?»

«ታዲያ ልብስሽን ሳትለብሺ ምን አስሮጠሽ?»

«ለብሻለሁ እኮ!»

«ይሄ ጎጎራድ ነው! የውስጥ ነው! ላዩስ?»

«ሞቆኝ ተውኩት።»

ላዳን ይህን በሶማልኛ ስትነግራቸው አንዲት አሮጊት እስኪያስላቸው ሳቁ። ታንጉት ወደ ክፍሏ ልትሮጥ ስትዞር ሱዕዲ ክንዷን ያዙ።

«ወዴት? ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ሥጋ መመተር ጀምረዋል። እንዲህ ሆነሽ ነው በመሃላቸው የምታልፊው?»

ብለው ከድንኳኑ አጠገብ ባለው የቤቱ በር ገፍተው አስገቧት። በሩ የውስጠኛው ክፍል ነበር።

ክፍሉ በሴቶች ጢም ብሏል። አንዷ ለሁለት ሰው የሚበቃ ዲራዕ አጠለቀችላት። ሙሽራዋ ዒፍራህ፣ አንድ ዓይኗ ብቻ ተኩሎ፣ ጎንበስ አለችና የጉርዱን ጠርዝ ገልብጣ አየች።

«ማን ሰፋልሽ?»

«እኔ።»

«አውልቂው።»

«ምን?»

«የኔን ከውጭ የመጣ ነው አሉኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆዳዬን ጨረሰው። ይሄ እንደ ውሃ ነው። ቶሎ በይ፣ ሙሽራ አይጠብቅም!»

ተቀያየሩ። የዒፍራህ ጎጎራድ እውነትም ያሳክካል። ታንጉት ተንበርክካ ላስቲኩን ለሙሽራዋ ወገብ ስታላላ በሩ ተበረገደ። ሱዕዲ ናቸው።

«ታንጉት! እዚህ ተጎልተሽልኛል? ሰዉ ሩዝ እየጠበቀ! ምን ዓይነት ሰነፍ ልጅ ነሽ? ተነሺ፣ ትሪ ያዢ!»

«ኧረ መርፌ ይዛ ነው» አለች ላዳን ልታስጥላት።

«ዝም በይ አንቺ!» አለቻት ታንጉት። በዚህ ግቢ እንዲህ ስትቆጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ማንም እንደ እንግዳ እንዲያማልዳት አልፈለገችም። መርፌውን ለላዳን አስይዛ «መጣሁ፣ ኤዶ!» እያለች፣ ወገቧን እያከከች ወደ ትሪዎቹ ሮጠች።