የሻምበሉ ክንፍ

ሰፈርተኛው «ሻምበሊት» ይላታል። ባሏ ተዋጊ ጀት ያበርር የነበረ ሻምበል ስለሆነ ሰፈሩ ማዕረጉን ለእሷም አጋራት፤ እሷም ቅር ብሏት አያውቅም። ባሏ ሲሞት ሜዳልያዎቹን፣ የበረራ ሄልሜቱንና የኦክስጅን ጭንብሉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ለአየር ኃይሉ ሙዚየም አስረከበች። ቤት ውስጥ ባየቻቸው ቁጥር ሆድ ይብሳት ነበር፤ እዚያ ግን ሰው ያያቸዋል፣ ስሙም ይነሳል ብላ ነው።

አዲሱ አዳራሽ በተከፈተ ማግስት ለባብሳ ሄደች። የመስታወቱን ሣጥን ስታይ መጀመሪያ ደስ አላት። ሜዳልያዎቹ በሰማያዊ ከፋይ ላይ ተደርድረዋል፤ ሄልሜቱ ግንባሩ ላይ ካለው ጭረት ጋር ጉብ ብሏል፤ ላስቲኩ የተሰነጣጠቀው ጭንብልም አለ። ከሁሉም በላይ ግን መሐል ላይ አንድ የብር ክንፍ ተሰክቷል፤ አብራሪ ሲመረቅ ደረቱ ላይ የሚደረግለት ክንፍ።

እሷ ክንፍ አልሰጠችም። ባሏን ስለ ክንፉ በጠየቀችው ቁጥር መልሱ «ጠፋ» ነበር።

መነጽሯን አድርጋ ከሣጥኑ ሥር የተለጠፈውን ካርድ አነበበች። «ሜዳልያዎች፣ ሄልሜትና ጭንብል፦ ከቤተሰብ የተበረከቱ። ክንፍ፦ ከባለቤታቸው የተበረከተ።»

ካርዱን ደግማ አነበበችው።

«ልጄ፣ እስቲ ነይ» ብላ የሙዚየሙን ኃላፊ ጠራቻት። «ይሄ ‹ቤተሰብ› የሚባለው ማነው? አጎቱ ነኝ እንዴ እኔ?»

ኃላፊዋ ወጣት ናት፤ ደነገጠች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ክንፉን ያመጡት የመጀመሪያ ባለቤታቸው ናቸው። እኛ እንዲያው…»

«አራት ዓመት ያልሞላ ትዳር እኮ ነው! ጀርባውን ሳሸው የኖርኩት እኔ፣ ያስታመምኩት እኔ፣ ይሄን ሁሉ ሜዳልያ እየወለወልኩ ያቆየሁት እኔ! እሷ በሰማይ ሲበር አገኘችው፣ እኔ መሬት ሲወድቅ አነሳሁት። ክፈቺልኝ፣ የኔን ይዤ ልሂድ። ከጣውንት ጋር አንድ መስታወት ውስጥ አልገባም!»

ኃላፊዋ ቁልፍ ታምጣ ሽማግሌ ትጥራ ግራ ገብቷት ሳለ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት በበሩ ገባች። ሻምበሊት አይታት አታውቅም፤ ግን የኃላፊዋ ፊት ሲለዋወጥ ማን እንደሆነች ገባት። ሴትዮዋ በዕድሜ ትበልጣታለች፣ ወገቧ ግን ቀጥ ያለ ነው። እሱም ራሱ አናደዳት።

«ነፍስ ይማር እህቴ» አለች ሴትዮዋ። «አንቺ ነሽ አይደል?»

«ክንፉ እርስዎ ጋ ምን ሊሠራ ሄደ?» አለች ሻምበሊት ሰላምታውን ሳትመልስ።

ሴትዮዋ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «ነርስ ነበርኩ። አምቡላንስ የሆስፒታላችን ግቢ በገባ ቁጥር ‹ዛሬስ እሱ ነው› እያልኩ ስሞት ስነሳ ኖርኩ። አንድ ቀን ‹ወይ እኔን ወይ ሰማዩን ምረጥ› አልኩት። ክንፉን ከደረቱ ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠና ‹በቃ፣ አልበርም› አለኝ። በማግስቱ የጓደኛውን ክንፍ ተውሶ በረረ። እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።»

ሻምበሊት ይህን ስትሰማ ልቧ ሊራራ ሲገባው ጭራሽ ቀናች። እሷ ያገኘችው ጀርባው ተጎድቶ ከበረራ ከታገደ በኋላ ነው፤ የሚተውላት ነገር አልነበረውም። ለዚች ግን፣ ለአንዲት ሌሊትም ቢሆን፣ ሰማዩን ትቶላታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስሜን አንስቶ ያውቃል?»

ያውቃል። ሊሞት ሰሞን፣ ትኩሳቱ ሲበረታበት፣ ሻምበሊት ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ እየዳበሰችው የዚችን ሴት ስም ጠርቷል። ሻምበሊት ያንን ለነፍስ አባቷም አልተናገረችም።

«አንድም ቀን» አለች።

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «እሰይ። ልቡ ወዲህ ወዲያ ቢል ኖሮ የምትጎጂው አንቺ ነበርሽ። ሙሉውን ሰው አግኝተሻል ማለት ነው።» ከዚያ መስታወቱን አንድ ጊዜ አየት አድርጋ ወጣች።

ኃላፊዋ ቁልፉን ይዛ መጣች። «ልክፈተው እትዬ?»

ሻምበሊት በሩን በሩን አየች። ነርሷ ሰድባት ቢሆን ኖሮ በቀለላት። ምርቃቷን ግን መሸከም አቃታት። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ የቆመው አሮጌ ጀት ጥላ ሥር ደረሰችባት።

«ዋሸሁሽ!» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «ጠርቶሻል። ሊሞት ሲል። እኔ ነኝ ብዬ እጁን ይዤው፣ አንቺን ጠራ።»

ነርሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው። ሻምበሊት ቆማ አየቻት፤ ላጽናናት ወይስ ላልቅስ ስትል ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች። ከቤቷ ያልወጣው የመጨረሻው ዕቃ፣ ያ ምስጢር፣ አሁን ወጣ፤ ደግሞ ለማን!

«ይሄን ባትነግሪኝም ማንም አያውቅብሽም ነበር» አለች ነርሷ በመጨረሻ።

«እሱ ነው የሚያናድደኝ!»

ነርሷ በለቅሶዋ መሐል ሳቅ አመለጣት።

ሁለቱም ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ሜዳልያዎቹ ከሣጥኑ አልወጡም። ካርዱ ግን ያኔውኑ ተቀየረ፤ ሻምበሊት ኃላፊዋ አጠገብ ቆማ ፊደል በፊደል አስጻፈቻት። «ባለቤታቸው» የሚለው ለእሷ ሆነ፤ «የቀድሞ ባለቤታቸው» ለነርሷ። «የቀድሞ» የሚለው ትንሽ ደመቅ ብሎ ቢጻፍ ብላ ነበር፤ ኃላፊዋ ያልሰማች መሰለች።

ሲወጡ የአዳራሹ ደረጃ ቁልቁል ነውና ነርሷ ክንዷን ያዘችላት። ሻምበሊት አላስለቀቀቻትም፤ ሙሉ በሙሉም አልተደገፈቻትም።