አሥር ዜሮ

"አውኚ አልሰማም፤ በአማርኛ ይንገሩኝ" አለች ነርሷ ምሕረት። ዋሸች። አፏን የፈታችው በአውኚ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነበር።

"ምን ችግር አለው ሲስተር፣ እኔ አስተረጉማለሁ" አለች ወይዘሮ ውቢት። ወንበሯን ሳብ አድርጋ በነርሷና በምራቷ መካከል ተቀመጠች። ምራቲቱ ማስተዋል ሕፃኑን እንደታቀፈች መሬት መሬቱን ታያለች።

ማክሰኞ የክትባት ቀን ነው። ከአዲስ ቅዳም ወደ ኢንጅባራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ጤና ጣቢያ ኮሪደሯ በእናቶች ተሞልቷል። አንዲት እናት ልጇን ለአርባ አምስት ቀኑ ክትባት ስታመጣ፣ አዋላጇ ነርስ ስለ ልጁ ብቻ ሳይሆን ስለ እናቲቱም አሥር ጥያቄ መጠየቅ አለባት። እንቅልፍ፣ ለቅሶ፣ ፍርሃት፣ ተስፋ መቁረጥ። ለእያንዳንዱ መልስ ከዜሮ እስከ ሦስት ቁጥር ይሰጣል፤ ዜሮ "ምንም የለብኝም" ማለት ነው። ወረፋ ሲበዛ ዜሮ መጻፍ ይቀላል።

ምሕረት ሴትዮዋን ያወቀቻት ካርዱን ስትገልጥ ነው። የባል ስም፣ ደሴ እንየው። የቀበሌው ስምም ያው ነበር። አፏ "እርስዎ" ይላል እንጂ ሆዷ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ "አንቺ" ነበር የሚላት።

እታለማሁ የምሕረት ታላቅ እህት፣ የዚህ ደሴ የመጀመሪያ ሚስት ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ሴት ልጅ ወለደችና እንቅልፍ አጣች፤ ቀጥሎ ምግብ እምቢ አላት፤ ቀጥሎ መናገር ተወች። በሃምሳኛው ቀን ማለዳ ነጠላዋ ጥርባ ሐይቅ ዳር ታጥፎ ተገኘ። ምሕረት ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ትማር ነበር። ሠርጉን በፈተና ምክንያት አላየችም፤ ለቀብሩም አልደረሰችም። ለቅሶ ቤት ሰባት ቀን ተቀምጣ የእህቷን አማት ጠበቀች። ውቢት አልመጣችም። ጨቅላዋን በሽማግሌ እጅ ወደ እነምሕረት ቤት ላከችና ቀረች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የንስሐ አባቷ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" እያሉ ስንቴ መክረዋታል። እሷ ግን ጸሎቱን ተወችና ቂሙን ያዘች። ከዳንግላ ወደዚህ ቅያሪ የጠየቀችው ለዚህ ነው። እንደመጣች ካርድ ክፍል ገብታ የእህቷን ወረቀት ፈለገች፤ አገኘችውም። አሥር ዜሮ፣ እጅ ሳይነሳ የተጻፈ። ግርጌው ላይ "አማት አስተርጉማ" ይላል። ስምንት ወር ሙሉ በጋውኗ ኪስ ይዛው ዞራለች።

"እንቅልፍ እንዴት ነው? ልጁ ተኝቶላትስ ትተኛለች?" ብላ ጀመረች።

ውቢት ጥያቄውን ወደ አውኚ መለሰችው። ማስተዋል ቀና ሳትል በአውኚ "ከወለድሁ ወዲህ አልተኛሁም። ዓይኔን ስከድን ሰው ይጠራኛል" አለች።

"ትተኛለች፣ ተመስገን" አለች ውቢት በአማርኛ።

ምሕረት ዜሮ ጻፈች።

"ያለ ምክንያት ታለቅሳለች?"

"ጡት ሳጠባው እንባዬ ፊቱ ላይ ይወርዳል። ለምን እንደሆነ አላውቅም።"

"የእናቷ ቤት ይናፍቃታል እንጂ ሌላ የለባትም። አዘና ሩቅ ነው።"

ዜሮ።

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሐሳቡ መጣላት። ውቢት ያለችውን ሁሉ ቃል በቃል ትጽፍና ከታች በአውራ ጣቷ ታስፈርማታለች። ከዚያ ዝም። ይህችም ልጅ አንድ ማለዳ እንደወጣች ብትቀር፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ። አንድ ቤት፣ ሁለት ምራት፣ አንድ አስተርጓሚ። ያኔ ሽማግሌ መላክ አያዋጣትም። ይህን ስታስብ ምሕረትን ደስ አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር።

አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ልጅቷ በአውኚ እውነቱን ትናገራለች፤ ውቢት በአማርኛ ታስተባብላለች፤ ብዕሩ ዜሮውን ያስቀምጣል። ዘጠነኛው ሲያልቅ ምሕረት የጣት አሻራ ቀለሙን ከመሳቢያው አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"የመጨረሻው ነው። ራሷን ለመጉዳት አስባ ታውቃለች?"

ውቢት ይህን አላስተረጎመችም። ወደ ምራቷ ጆሮ ጠጋ ብላ በአውኚ "'የለም' በይ። ይህ ከተጻፈብሽ እብድ ትባያለሽ፤ ልጁንም ይነጥቁሻል" አለቻት።

ማስተዋል አማርኛ ባትናገርም ጥያቄውን ከነርሷ አፍ ሳትረዳው አልቀረችም። "የምትጠራኝ እሷ ናት" አለች በአውኚ፣ ቀስ ብላ። "ከእኔ በፊት የነበረችው፣ እታለማሁ። ወደ ውኃው ነይ ትለኛለች። ልሄድላት ነው መሰለኝ።"

"ምንም የለም ትላለች" አለች ውቢት።

ብዕሩ ቆመ። እታለማሁ ጎረቤት እሳት ልትጭር ስትሄድ እንኳ በር ላይ ቆማ ስም መጥራት የምታፍር ሴት ነበረች። ሰው ጠርታ አታውቅም። ምሕረት ወረቀቱን ተመለከተች፤ ዘጠኝ ዜሮ፣ እጅ ሳይነሳ የተጻፈ። ኪሷ ውስጥ ካለው ጋር በምን ይለያል? እስከ ዛሬ የምትጠላው የዋሸውን አፍ ነበር። የጻፈው እጅ ግን የነጭ ጋውን እጅ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የእሷ የራሷ እጅ ነው። ይህችን ልጅ ወደ ሐይቁ እየጠራቻት ያለችው እታለማሁ አይደለችም። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል ድረስ አፈረች።

ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው።

"ማስተዋል" አለች በአውኚ፤ "እህቴ አትጠራሽም። እህቴ ክፉ ሰው አልነበረችም።"

ውቢት ከወንበሯ ብድግ አለች። "ትሰሚያለሽ እንዴ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የእታለማሁ እህት ነኝ። ልጁን ይቀበሏትና ውጭ ይቆዩ።"

ሴትዮዋ ሕፃኑን ታቅፋ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች። ምሕረት ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥታ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። አዲስ ወረቀት አውጥታ አሥሩንም ጥያቄ በአውኚ እንደገና ጠየቀች። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት እናቶች ማጉረምረም ጀመሩ፤ ያጉረምርሙ። ሲደመር ሃያ ስድስት መጣ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ለአምቡላንስ ደወለች፤ ኢንጅባራ ሆስፒታል ዛሬውኑ መድረስ ነበረባት።

"ይህ ሕመም ነው" አለቻት። "ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴት ይይዛል፤ ይታከማል፤ ትድኛለሽ። ልጅሽንም ማንም አይነጥቅሽም፤ አብሮሽ ይሄዳል። አሁን አብሮሽ የሚያድር ሰው ንገሪኝ። ደሴ የት ነው?"

"ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ ሄዷል። እናቴም ከአዘና ነገ እንጂ ዛሬ አትደርስም።"

"እንግዲያው ጎረቤት እንጥራ። ይህችን ሴትዮ ግን ከአጠገብሽ አላስደርሳትም።"

ማስተዋል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "እሳቸው ይሁኑ።"

"የምትይውን ሲያጣምሙ ሰማሁ እኮ።"

"ሰምቻለሁ። ግን ከወለድሁ ጀምሮ በሩ ላይ ነው የሚተኙት፤ ጀርባቸውን መዝጊያው ላይ አድርገው። ሁለት ጊዜ ልወጣ ተነስቼ ነበር። እሳቸው ባይኖሩ ከፍቼው ነበር።"

ምሕረት ይህን ባትሰማ በወደደች። ሦስት ዓመት ያሳደገችው ጥላቻ ውስጥ በር ላይ የምትተኛ አሮጊት አልነበረችም።

የአምቡላንሱ ድምፅ ሲሰማ ወጣች። ውቢት ግድግዳ ተደግፋ ሕፃኑን እያባበለች ነው።

"ለምን ዋሹ?" አለቻት።

"ስሟ ከጠፋ በኋላ ማን ሰው ይላታል? ክረምቱ ሲወጣ ጠበል ልወስዳት አስቤ ነበር።"

"እታለማሁንስ?"

"እሷንም ክረምቱ ሲወጣ ብዬ ነበር። ያን ማለዳ በጊዜ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር። በሩን ክፍት ትቼው። ለቅሶ የቀረሁት በምን ዓይኔ እናትሽን አያታለሁ ብዬ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።"

"አልልም" አለች ምሕረት። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከኪሷ የእህቷን ወረቀት አውጥታ ሕፃኑን በያዘው እጅ ውስጥ አስጨበጠቻት።

"ማንበብ አልችልም እኮ።"

"ማንበብ አያስፈልገውም። አሥር ዜሮ ነው፤ እርስዎ ያሉት፣ እኛ የጻፍነው። ኢንጅባራ ደርሰው ሐኪሙ ሲጠይቃት ለማስተርጎም አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት እሱን ይንኩት። ማታ ደግሞ እዚያም በሩ ላይ ይተኙ።"

ተመልሳ ገባችና የሪፈር ወረቀቱን ጨረሰች። አንድ መስመር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ "የአስታማሚ ስም" ይላል። ይህን ስም በክስ ወረቀት ላይ ለማየት ሦስት ዓመት ጠብቃለች። ብዕሩን ጨበጥ አድርጋ፣ በጉልህ ጽሕፈት "ወ/ሮ ውቢት" ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ለሾፌሩ ሰጠችው።