ሰው የሌለበት ፎቶ

የሰፈሩ ሰው ፎቶ አንሺውን «ጋሽ ፈገግ» ይላቸዋል፤ ራሳቸው ፈገግ ሲሉ ግን ያየ የለም። የስቱዲዮአቸው ሕግ አንድ ነው፦ ሰው የሌለበት ፎቶ የባከነ ፎቶ ነው።

የእህታቸው ልጅ እዚያ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ያየችው ተራራ ሁሉ በሸራ ላይ የተሳለ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ፏፏቴውን እየተኮሰች ነበር፤ የምር በካውያ። ሸራው ተጣጥፎ ስለከረመ ውሃው መሃል ለመሃል ተጨማዷል። ሙሽሮች ከጀርባቸው የአሮጊት ግንባር የመሰለ ፏፏቴ ይዘው መነሳት ሰልችቷቸዋል። እሷም ሰለቻት። ካውያውን ነቀለች።

«ጋሼ፣ ካሜራውን ይዤ መውጣቴ ነው።»

«የት?»

«መንገዱ የወሰደኝ።»

«ካሜራው የኔ ነው!»

«መኪናው ደግሞ የኔ። ካላመኑኝ አብረው ይምጡና ይጠብቁት።»

ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ከረባታቸውን አስተካክለው፣ ካሜራውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ጋቢና ገቡ።

ከከተማው ርቀው ሲሄዱ ኮረብቶች አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተደርድረው፣ የደመና ጥላ በላያቸው ሲንሸራተት አየች። መኪናዋን ጥግ አስያዘች፤ ካሜራውን ተቀበለቻቸው። ገና ስታነጣጥር ጋሽ ፈገግ ፊት ለፊቷ ቆመው ኮታቸውን ይቆልፋሉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ታዲያ ባዶውን ልታነሺው ነው? አገጬን ቀና ላድርገው?»

«ጋሼ፣ ዞር ይበሉልኝ! ጥላው እየሄደ ነው።»

«ማን ይገዛዋል? ኮረብታ እንደሆነ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ዘመድ የለው!»

ወደ ግራ ስትል ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ስትል ወደ ቀኝ። ክፋት እንኳ አይደለም፤ ሌንስ ፊት ባዶ ቦታ ሲያዩ እግራቸው አያስችለውም። ቢቸግራት መንገዱ ዳር ያለ ቋጥኝ ላይ ወጣች። እሳቸውም በተወለወለ ጫማቸው ሊከተሏት ሞክረው ተንሸራተቱ።

«ስሚ! ሰው የሌለበት አንድ ፎቶ ካነሳሽ፣ ነገ ስቱዲዮዬን እንዳትረግጪ!»

ጣቷ ካሜራው ላይ ቀረ። መተዳደሪያዋ ያ ስቱዲዮ ነው፤ በከተማው ሌላ የሚቀጥራት የለም። ቁልቁል አየቻቸው። እየተቆጡም አንድ እጃቸውን ኪስ ከተው በቄንጥ ቆመዋል፤ ምናልባት ሐሳቧን ብትቀይር ብለው።

ወደ ኮረብቶቹ ዞረች። ቀጭ። ደግማ ቀጭ።

ወርዳ የካሜራውን ካርድ አወጣች፤ «ይሄ እንኳ የራሴ ነው» ብላ ኪሷ ከተተችው፤ ካሜራውን አንገታቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው።

«ተባረርኩ ማለት ነው?»

«ዛሬውኑ!»

«እሺ። ይግቡ።»

መንዳት አይችሉም፤ ገቡ። ስለ ዘመድ ውለታ መዘርዘር ከጀመሩ በኋላ ነው መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ከተማው እንዳላዞረች ያስተዋሉት።

«ኧረ ወዴት ነው? ቤታችን በስተኋላ ነው!»

«አውቃለሁ፤» አለች ማርሽ እየቀየረች። «አለቃ የለኝም፤ ማን ያስቸኩለኛል? ካሜራውን ደህና አድርገው ይያዙልኝ። ከፊታችን ሐይቅ አለ።»