የሾፌሩ እግር

ሾፌሩ እጁን ከስፌት መኪናው ላይ ሊያነሳ ሲል መጋረጃው አብሮት ተነሳ። የሸሚዙ እጅጌ ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር ተሰፍቷል። በሦስት ሳምንት ልምምድ ከእጁ የወጣ ቀጥ ያለ ስፌት ይህ የመጀመሪያው መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ልጁ ፊት ለፊቱ ካለው መኪና ቀና ብላ አየችው። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን አሳበቀባት።

«አባዬ፣ ጣትህን አልነካህም አይደል?»

«ጣቴ ደህና ነው። የተያዘው ሸሚዜ ነው» አለ ኮስተር ብሎ።

ምላጭ ይዛ መጥታ እጅጌውን መተርተር ጀመረች። እሱም እጁን እንደ ታማሚ ዘርግቶ ጠበቃት።

ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በጭጋግ ተራራ ወጥቶ ወርዷል፤ አንድም ቀን የሰው አጥር አልነካም። ሐኪሙ «ይኼ የግራ ጉልበት ከእንግዲህ ፍሪሲዮን አይረግጥም» ብሎ ከፈረደበት ወዲህ ግን ሥራው በልጁ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ማየት ሆነ። ደንበኞች ሰላም ሳይሉት ያልፉ ነበር። ከዕቃው ለይተው የሚያዩት አይመስልም፤ ይህ ከጉልበቱ ይልቅ አመመው።

ከልጁ ጋር ትሠራ የነበረችው ልብስ ሰፊ አግብታ ከሄደች ወር ሆኗታል። ሁለተኛው መኪና ለእሱ መለማመጃ ከመሆን በቀር ጦሙን እያደረ ነው። ነገ ጠዋት ሰርተፍኬት ያላት ወጣት ስለ ሥራው ልትነጋገር ትመጣለች። ይህን በሰማ ጊዜ ሾፌሩ፣ በዕድሜው ማንንም ለምኖ የማያውቀው ሰውዬ፣ «አንድ ቀን ብቻ ስጪኝ» ብሎ ልጁን ለመነ። ልጁም አዲስ ለሚከፈተው ክሊኒክ ከታዘዙት ስምንት መጋረጃዎች ሁለቱን ሰጠችው። ካማረለት ወንበሩ የእሱ ነው። «ካላማረ ግን እንዳትቀየመኝ፤ የሰው ሥራ ነው» ብላዋለች። ክሊኒኩ መጋረጃዎቹን ዛሬ አስር ሰዓት ይወስዳል።

የድሮ ጓደኞቹ ወሬውን ሰምተው «መኪና ቀየርክ አሉ! በሊትር ስንት ትሄዳለች?» እያሉ ሙድ ይዘውበታል። አብሯቸው ስቋል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ እንደ አሸዋ ዓይኑ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

እጅጌው ሲፈታ ልጁ አልሄደችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከጠረጴዛው ሥር አጎነበሰች።

«እስቲ ድገመው፤ እግርህን ልየው።»

ቁራጭ ጨርቅ አስገባና ቀስ ብሎ ጀመረ። መርፌው ተረጋግቶ ይወጣል፣ ይገባል። ከዚያ ጨርቁ ትንሽ ዘወር አለበት፤ ሾፌሩ ደነገጠ። እግሩ ፔዳሉን ደፈጠጠው፤ መኪናውም ጨርቁን ይዞ ፈረጠጠ።

«አገኘሁት!» ብላ ስትነሳ ጭንቅላቷ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። «አባዬ፣ በደነገጥክ ቁጥር ፍሬን እየያዝክ ነው እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ይሄ ፍሬን የለውም። ያለው ነዳጅ መስጫ ብቻ ነው። እንዲቆም ከፈለግህ እግርህን አንሳ።»

ሾፌሩ እግሩን አየ። ይህ እግር ሠላሳ አንድ ዓመት ነፍሱን ያተረፈለት እግር ነው። በቁልቁለት ላይ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን እንኳ እግሩ ነቅቶ ይጠብቀው ነበር። አሁን ይህን ታማኝ እግር «ሲጨንቅህ ልቀቅ» ብሎ ማሳመን ሊኖርበት ነው። በግድ እንደማይሆን ገባው።

ጎንበስ ብሎ የቀኝ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲውንም። ባዶ እግሩን ፔዳሉ ላይ አኖረ። ብረቱ ቀዘቀዘው። እግሩ ጫማ ተጫምቶ የሚያውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ባዶውን ግን የት እንዳለ ግራ ገባው። ሾፌሩ የፈለገውም ይህንኑ ነበር።

መጋረጃውን አስተካክሎ ጀመረ። አንድ ክንድ ያህል ሄደ። መታጠፊያው ላይ ጨርቁ ሊያመልጠው ሲል ልቡ ዘለለች፤ እግሩም ሊረግጥ ቃጣው፤ ከዚያ እንደ ማመንታት ብሎ ተነሳ። መኪናው ጸጥ አለ።

«ቆመ!» ብሎ ጮኸ።

«ምኑ?»

«መኪናው ነዋ! እኔ ነኝ ያቆምኩት!»

ያን ሁሉ ዘመን ባለ አስር ጎማ ሲያቆም እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ማንም አላናገረውም፤ እሱም ማንንም አላየ። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሁለቱም መጋረጃዎች ተጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል።

ልጁ አንዱን አንስታ ስፌቱን በሁለት እጇ ሳበችው። ገልብጣ አየችው። እንደገና ሳበችው።

«አባዬ… ይሄ እኮ ያምራል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ማባበል አልነበረም፤ ሾፌሩ ደረቱ ሲነፋ ተሰማው፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

ሁለተኛውን ራሱ ዘረጋው። መነጽሩን አድርጎ ጠርዙን በጣቱ ተከተለ። ግርጌው ላይ ስፌቱ አንድ ስንዝር ያህል ከመስመሩ ወጥቶ ተመልሷል።

«ምላጩን አቀብይኝ።»

«ተወው። ታች ነው፤ ማን ያየዋል? ሰዓቱም ደርሷል።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ልጁ ምላጩን አቀበለችው። አጎንብሶ ክሩን አንድ በአንድ ሲቆርጥ ቆማ አየችው። ከዚያ ከራሷ ስድስት መጋረጃዎች መካከል አንዱን ሳበች፤ ጠዋት ስትቸኩል የሰፋችውን ጫፍ ፈልጋ አገኘች። መቀስ አንስታ ምንም ሳትናገር መተርተር ጀመረች።

የክሊኒኩ ኃላፊ የመኪና ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች የገባችው በዚህ መሃል ነው።

«አልቋል አይደል? ሠራተኞቹ መሰላል ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።»

የሾፌሩ እጅ ቆመ። ልጁ የሥራ ማስረከቢያ ሰዓት ከሚያልፍባት ሞቷን እንደምትመርጥ ያውቃል።

«አላለቀም» አለች ልጁ ረጋ ብላ። «ልብስ ሰፊያችን ገና አልጨረሱም። ይቅርታ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ።»

ኃላፊዋ ወደ ሾፌሩ ዞር ብላ አየች፤ ቁልፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ተቀመጠች።

ሾፌሩ ቀና አላለም። ዓይኑ እንባ አቅርሮ አንዱ ክር ሁለት ሆኖ ይታየው ነበር። ምላጩን አስቀምጦ እስኪጠራለት ታገሠ። ሁለቱም ሴቶች ጠበቁት።