ለአንድ ኮምፒውተር ብቻ

አረንጓዴዎቹ መስመሮች ተከታትለው ወደ ታች ወረዱ። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ኮምፒውተር ስም ይዞ ከጎኑ «ተስተካክሏል» ይላል። ሚጢጢ ትንፋሿን ውጣ እስከ መጨረሻው ተከተለቻቸው። ቀይ የለም። ከጀርባዋ ቆማ ስትከታተል የነበረችው ኃላፊዋ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻትና «ጎሽ! ተገላገልን» ብላ ወደ ቢሮዋ ገባች።

የፕሮግራመር ኮምፒውተር ውሎ አድሮ የባለቤቱን ጠባይ ይወስዳል። ፊደሉ ምን ያህል ይጉላ፣ ጀርባው ይጥቆር ወይስ ይንጣ፣ የትኛው ቁልፍ የቱን ትእዛዝ ይጥራ፤ ይህ ሁሉ ዓይን ውስጥ በማይገቡ ትንንሽ ፋይሎች ተጽፎ ይቀመጣል። ለሆስፒታሎች ፕሮግራም በሚሠራው በዚህ ቤትም ሰው ሁሉ የየራሱን ሲጠጋግን ኖሮ፣ በቅርቡ ከአንዱ ፋይል ውስጥ ተረስቶ የቀረ የይለፍ ቃል ወደ ውጭ ሾለከ። ኃላፊዋ ደንበኞቹ ፊት አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ሚጢጢ የተጠራችው ከዚያ በኋላ ነው። የሠራችው መሣሪያ፣ በኮምፒውተሩ ጥቁር የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ አንዲት ትእዛዝ ሲጻፍለት፣ በማእከል የተቀመጠውን አንድ ቅንብር ለሁሉም ኮምፒውተር እኩል ያለብሳል። ከዚህ የተለየ የሚፈልግ ሰው ስሙና ምክንያቱ ሁሉም በሚያነበው በዚያው ማእከል በግልጽ መጻፍ አለበት። ኃላፊዋ በዚህ ድርድር አታውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተጀመረ። «ይሄ ነጭ ዓይኔን ሊያወጣው ነው» አለች አንዷ። ከወዲያ ማዶ አንዱ ቀልደኛ «ሚጢጢ፣ ዩኒፎርም አለበስሽን እኮ! ሰልፉ መቼ ነው?» ሲል ሳቁ ተቀባበለ። ሚጢጢም ሳቀች። ስትስቅ ዓይኗ ጋሼ ላይ ወደቀ።

ጋሼ በቤቱ ውስጥ ከሁሉም አንጋፋ ናቸው። ሥራውን ያስተማሯትም፣ ሚጢጢ የሚለውን ስም ያወጡላትም እሳቸው ነበሩ። ሥራ በጀመረችበት ቀን እግሯ ከወንበሩ ወለሉ ድረስ አልደርስ ብሎ ሲንጠለጠል አይተው፣ በርከክ ብለው ወንበሩን በገዛ እጃቸው ዝቅ ካደረጉላት በኋላ። አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ኪቦርዱ ላይ ጭነዋል፤ ጣቶቻቸው ግን አይንቀሳቀሱም። ፊታቸው የተዞረው ወደ ስክሪኑ አልነበረም፤ ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ግራ፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ነበር።

ያኔ ትዝ አላት። መሣሪያው ከማልበሱ በፊት የነበረውንና የሚመጣውን ጎን ለጎን የሚያሳይ ትእዛዝ አለው። ራሷ ናት የጻፈችለት። ዛሬ ኃላፊዋ ከጀርባዋ ስለቆመች ቸኩላ ዘለለችው።

ተነሥታ ሄደች። በነጩ ስክሪን ላይ ግራጫ ፊደላት እንደ ጉንዳን ተደርድረዋል።

«ጋሼ፣ ምነው?»

«ምንም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የኔ የት ሄደ?» አሉ።

«አልጠፋም። አዲሱን ሲያለብስ አሮጌውን ገለል አድርጎ ያስቀምጠዋል።»

«እፎይ» አሉ። «ነይ እስቲ፣ ውጭ እናውራ።»

ኮሪደሩን ሲያልፉ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ሚጢጢ ይህን ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ እንዲሁ የእጅ ልማድ ይመስላት ነበር። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ድጋፉን በእጃቸው ፈልገው ያዙና ቆሙ።

«መሃሉ ነው የሄደው» አሉ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። ፊት ለፊት ካየሁሽ ፊት የለሽም። ጆሮሽን ሳይ ነው አፍንጫሽ የሚመጣልኝ።» ሊያስቋት ብለው ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። «ከባለቤቴና ከሐኪሙ በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ደግሞ አንቺ።»

እንዴት ሲሠሩ እንደከረሙ ነገሯት። ጀርባውን አጥቁረው፣ ፊደሉን ቢጫ አድርገው ቡጢ እስኪያክል አጉልተውታል። እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው እንዲቀመጥ፣ የጻፉት መስመር ሁሉ በድምፅ እንዲነበብላቸው አድርገዋል። ያቺን ከአንድ ጆሯቸው የማትለየውን ማዳመጫ ሰው ዘፈን ይሰሙባታል ብሎ ያምን ነበር። ምክንያት ያለው ያቅርብ በተባለ ጊዜ ጋሼ ዝም አሉ። ዝም ካሉ የሚታለፉ መስሏቸው ነበር።

«በጓሮ መልሺልኝ» አሉ። «መሣሪያው የእጅሽ ሥራ ነው። ማን ያይሻል?»

እውነታቸውን ነበር። ማንም በማያየው ጥግ አንዲት መስመር ብትጨምር፣ መሣሪያው የጋሼን ኮምፒውተር እንዳላየ ያልፈዋል። ሐሳቡ መጥቶ አፏ ላይ ደረሰ፤ «እሺ» ልትል ነበር። ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«የሕፃናቱን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ሥራ አሁንም እርስዎ ጋ ነው፣ አይደል?»

«ነው።»

«ቁጥር አምልጦዎት ያውቃል?»

ጋሼ ድጋፉን ጠበቅ አድርገው ያዙ። ከታች የመንገዱ ጫጫታ ይሰማል።

«ትናንት አንዲት ነጥብ አመለጠችኝ» አሉ በመጨረሻ። «ግማሽ ያልኩት አምስት ሆኖ ቁጭ አለ። በጆሮዬ ስሰማው ነው የባነንኩት። አስተካክዬዋለሁ።»

«ባይሰሙትስ ኖሮ?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ ደረጃው አዞሩ። ሚጢጢ አንድ እርምጃ ቀረበቻቸው።

«አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ። ምክንያቱን ሳልጽፍ ግን አልችልም።»

«አሳልፈሽ ልትሰጪኝ ነው?» ድምፃቸው ሻከረ። «እኔ ያስተማርኩሽ ይሄን ነው?»

«አዎ» አለች። «ያስተማሩኝ ይሄንኑ ነው።»

ጋሼ ድጋፉን ይዘው፣ እያንዳንዱን እርከን በጫማቸው ጫፍ እየፈተሹ ወረዱ። ልትከተላቸው አንድ እግሯን አነሣች፤ መልሳ አሳረፈችው።

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ገለል ተደርጎ የተቀመጠውን የጋሼን ፋይል አወጣችና «ለዚህ ኮምፒውተር ብቻ» የሚለውን መስመር ጻፈች። ቀጣዩ መስመር ምክንያት ይጠይቃል። «የግል ምርጫ» አለችና አጠፋችው። ውሸት ነው። «የጤና ጉዳይ» አለች። እሱንም አጠፋችው። ይህን ያነበበ ሁሉ ምን ሆነው ነው እያለ ሊንሾካሾክ ነው፤ ወሬው ጋሼን ሳይታመሙ አልጋ ላይ ያውላቸዋል።

ኃላፊዋ ብርጭቆ ይዛ ስታልፍ አየቻት። «ገና ነሽ እንዴ?»

«አንድ ኮምፒውተር ቀርታኛለች።»

«የማን?»

ሚጢጢ ጠቋሚውን ባዶው መስመር ላይ ብልጭ ድርግም ሲል እያየች፣ «ትንሽ ታገሺኝ» አለች።

«ምክንያት ካላት ጻፊው። ከሌላት እንደ ሌሎቹ አልብሻት» ብላ ሄደች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ደንበኞቹ ፊት አንገቷን የደፋችበትን ቀን ገና አልረሳችም።

ሰው ምሳ በልቶ መመለስ ሲጀምር ጋሼ መጡ። ሸሚዛቸው ጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል፤ ፀሐይ ላይ ብዙ ሳይዞሩ አልቀሩም። ከጎኗ ባዶ ወንበር በእጃቸው ፈልገው ሳቡና ተቀመጡ።

«እስቲ ጻፊ» አሉ። «እኔ ልናገር።»

ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች።

«‹ፊደሉ ይጉላ፣ ጀርባው ይጥቆር፣ ድምፅ ይፈቀድ። ምክንያቱም ተጠቃሚው...›» ቆም አሉ። «ተጠቃሚው የሚለውን አጥፊው። ስለ ሌላ ሰው የማወራ አስመሰልሽኝ።»

«እርስዎ ነዎት ያሉት» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየታገለች።

«እኔ ነኝ፣ ይሁን። ‹ዓይኔ መሃል መሃሉን አያይም› በይ። ‹ሐኪም አይመለስም ብሎኛል› የሚለውንም ጨምሪ። ማንም በየጠዋቱ ተሻለዎት ወይ እያለ እንዳያደርቀኝ።»

ጻፈች። ያለቀ መስሏት እጇን ልታነሣ ስትል፣ «አዲስ መስመር» አሉ።

ጠበቀች። ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳብ አደረጉ። 

«‹የጻፍኩትን ቁጥር ሁሉ፣ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት፣ ሌላ ሰው ያንብብልኝ።›»

ሚጢጢ ቀስ ብላ፣ አንድ ፊደል እንዳይሳሳትባት እየተጠነቀቀች ጻፈችው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ከተጫነ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ የማያነበው ሰው የለም፤ ተመልሶም አይሰበሰብም።

«ልላከው?»

«ቆይ። መጀመሪያ አንብቢልኝ።»

ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«እንዲህ አይደለም» አሉ ጋሼ። «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ።»

ዙሪያዋን ቃኘች። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። የኃላፊዋ በር ገርበብ ብሏል።

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

ሚጢጢ ጉሮሮዋን ጠረገች። የመጀመሪያውን መስመር ስትጀምር ሁለት ሦስት ራሶች ዞር አሉ። ድምፅዋን ከፍ አደረገችና ቀጠለች። ጋሼ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ቃላቸውን አንድ በአንድ እየሰሙ ተቀምጠዋል።