የታሸገው አኮርዲዮን

«ኮትዎን ያውልቁልኝ፣ አባባ» አለ የፊልሙ ሰውዬ። «በጣም ደህና ሰው አስመሰለዎት።»

ኑርሁሴን ኮቱን ቁልቁል አየው። ደሴ ሰኞ ገበያ ካለችው የስፌት መኪናው ላይ ሦስት ቀን አጎንብሶ፣ ለዛሬ ብሎ የሰፋው ግራጫ ኮት ነው።

«ደህና ሰው አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት! ካሜራ ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። ያቺን ጋቢ ጣል ያድርጓት።»

ጋቢዋ የዘበኛው ነበረች፤ ጫፏ ተተርትሯል። የፊልሙ ሰውዬ ተስፋ ይባላል። አውሮፓ ሁለት ዓመት ተቀምጦ፣ ተረስተው ኖረው እንደገና መድረክ ስለወጡ የኩባ ሽማግሌ ሙዚቀኞች የሚያሳይ ፊልም አይቶ፣ አልቅሶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የተረሳ ሽማግሌ ያድናል። ሽማግሌው ያልተረሳ ሆኖ ሲያገኘው ይከፋዋል።

የእነ ኑርሁሴን ቦርከና ኦርኬስትራ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወትበት የነበረው የኮምቦልቻ ዳንስ ቤት ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ባለ መጋዘኑ እንግዳ ይመጣል ብሎ በጠዋት አስጠርጎት ነበር፤ ተስፋ «አቧራው ነው የሚያምረው» ብሎ መልሶ አስነሰነሰበት።

የዚያን ጊዜዋ ዘፋኝ ብዙዬ፣ የአሁኗ የበርበሬ ነጋዴ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች።

«ልበስለት እንጂ ኑርዬ! ኩባ ሊያደርግህ እኮ ነው። እኔ የማውቃቸው ኩባዎች በሰባው የሶማሊያ ጦርነት በዚሁ መንገድ በካሚዮን ያለፉት ናቸው። ወላዲትን፣ አንዱም ጋቢ አልለበሰ!»

ኑርሁሴን አልሳቀም። ዓይኑ ለፊልሙ ተብሎ ከደሴ ዕቃ ቤት መጥቶ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ጥቁር ሳጥን አልነቀል ብሏል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አኮርዲዮን የገዛ ገንዘቡ ነው፤ ከስፌት አጠራቅሞ አስመራ ድረስ ሄዶ ያመጣው። በ1984 ዓ.ም. አዲሶቹ ሹሞች ኦርኬስትራውን «የደርግ አጨብጫቢ» ብለው በተኑትና የግልን ከመንግሥት ሳይለዩ ዕቃውን ሁሉ ቆለፉበት። ደረሰኙን ይዞ አሥራ አራት ዓመት ተመላለሰ። አንድ ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ኃላፊው ተቀይሯል፣ አንድ ቀን ፋይሉ ጠፍቷል።

በሳጥኑ ክዳን ላይ የተለጠፈው የማሸጊያ ወረቀት ቢጫ ሆኗል፤ ፊርማው ግን ይነበባል። የፈረመው ያኔ ክላሽ አንግቶ የመጣ ቀጭን ካድሬ ነበር። ዛሬ ያው ሰውዬ ቦርጭ አውጥቶ፣ የባህል ቢሮው ኃላፊ ሆኖ፣ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ ካሜራው አጠገብ ቆሟል። ኪዳኑ ነው።

«ጋሽ ኑርሁሴን» አለ ኪዳኑ ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ እየሳበው፣ «ተግባብተናል አይደል? ‹ደርግ በትኖን ተረስተን ነበር፤ አሁን ባህላችን ተከብሮ መድረክ አገኘን።› በቃ፣ ይቺው ነች። ነገ የግልዎ ነው ብዬ ደብዳቤ እፈርማለሁ፤ ይወስዱታል።»

«ካላልኩስ?»

«ካላሉማ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዛሬውኑ ደሴ ዕቃ ቤት ይመለሳል። እኔ ምን ላድርግ?»

እሱ ምን ያድርግ! የቆለፈው እሱ፣ ያሸገው እሱ፣ አሁን ደግሞ እጁን ዘርግቶ የሚያዝነው እሱ።

ኑርሁሴን «ቢስሚላህ» ብሎ ሳጥኑን ከፈተ። የአኮርዲዮኑን ወናፍ አይጥ በልቶታል። ቢጎትተው፣ ቢገፋው፣ አየሩ በቀዳዳው ሽው እያለ ይወጣል እንጂ ድምፅ የለም።

«ችግር የለም!» አለ ተስፋ። «እርስዎ የሚጫወቱ መስለው ይጎትቱት፤ ድምፁን ከካሴት እናስገባለን። ትዝታ። የሚያስለቅስ ትዝታ።»

«የማን ካሴት?»

«የሆነ ሰው። ማን ይለየዋል?»

«እኛ እዚህ ቤት ለማስለቀስ አልነበረም የምንጫወተው። ባቲን በቻቻ፣ በኩባዎቹ የጭፈራ ምት ነበር፣ ሰው እስኪያልበው። ኩባ ፍለጋ አይደል የመጣኸው? ይኸውልህ።»

«ቻቻ አይሆንም፣ አባባ» አለ ተስፋ እንደ ሕፃን እያባበለው። «ቻቻ ደስታ ነው።»

ኑርሁሴን ኮቱን አወለቀ። ተስፋ ደስ አለውና ጋቢዋን አቀበለው። ኑርሁሴን ጋቢዋን አንጥፎ ተቀመጠባት፤ የኮቱን ገበር ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ቦጨቀው፣ ልብስ ሰፊ መቼም የማያጣውን መርፌ ከኮሌታው ሥር መዘዘ፣ ቀዳዳውን ይጥፍ ጀመር።

«የሦስት ቀን ልፋትህን!» ብላ ጮኸች ብዙዬ።

«ገበር ነው፤ አይታይም» አለ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

በስፌቱ ላይ የካሜራ ሠራተኛውን ፕላስተር ለጠፈበት። አኮርዲዮኑ መጀመሪያ እንደ አስም በሽተኛ ሲጥ አለ፤ ቀጥሎ ግን ባቲ መጣ፣ በቻቻ ምት። ብዙዬ ከከረጢቱ ላይ ተነሳች። ድምፅዋ ሻክሯል፤ ቦታውን ግን አልሳተም። ሲሚንቶ የሚያወርዱት ወዛደሮች ሥራቸውን ጥለው ገቡ፣ ትከሻቸው ላይ ያለው ዱቄት እስኪቦን ድረስ ጨፈሩ። ተስፋ ብቻ ደስታው እስኪያልፍለት ራሱን ይዞ ቆመ።

ሲያልቅ ካሜራው ወደ ኑርሁሴን ፊት ቀረበ።

«እስቲ ይንገሩን» አለ ተስፋ። «ማን ረሳዎት?»

ኪዳኑ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደርግ አልበተነንም» አለ ኑርሁሴን። «የረሳንም የለም። ደሴ ላይ ልጅ የሚድር ሰው ዛሬም ሱሪውን ሊያሰፋ መጥቶ ስለዚህ አኮርዲዮን ይጠይቀኛል። ያሸገው ሰውዬ እዚያ ቆሟል፤ ፊርማው ክዳኑ ላይ አለ። ካሜራህን ወደሱ አዙረው።»

«ቁረጥ! ቁረጥ!» አለ ተስፋ። ካሜራ የያዘው ሰው ግን ዞሮ ነበር።

ኪዳኑ ባጁን አስተካከለና በጥርሱ መሃል «አረጋሽ፣ ንብረቱን ተረከቢ» አለ።

የዕቃ ቤት ሠራተኛዋ አረጋሽ መዝገቡን ከረጢት ላይ ዘረጋች። «የተመለሰበት» ከሚለው ሥር በጣቷ አመለከተችው።

«እዚህ ጋ ነው፣ ጋሼ።»

ኑርሁሴን እስክሪብቶውን ተቀብሎ፣ ለጨርቅ ልኬት በሚጽፍበት ጉልህ ፊደል «ባለቤቱ ወስዶታል» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመበት። አረጋሽ አነበበችው። ቀና ብላ ኪዳኑን አየች። ኪዳኑ ካሜራውን አየ፣ በሩን የሞሉትን ወዛደሮች አየ፤ ከዚያ ስልኩ የጠራ ይመስል ኪሱን እየዳበሰ ወጣ።

«አብሽሩ» አለች አረጋሽ መዝገቡን እየዘጋች።

የደሴ ሚኒባስ ሊሞላ ሲል ኑርሁሴንና ብዙዬ ደረሱ። ገበር የሌለው ኮት ትከሻው ላይ ይሸክከዋል።

«ሳጥኑ ፖርቶመጋላ ላይ ይውጣ፣ አባት» አለ ረዳቱ።

«የሦስት ሰው ቁረጥ» አለ ኑርሁሴን። «ይሄም ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው።»